የሚድዌይ ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ

ገበጣ ወይም ዳማ የሚጫወት ሰው የባላጋራውን ጠጠር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየዋል። ቢሸነፍም እያየ ነው የሚሸነፈው። የባሕር ኃይል የጦርነት ጨዋታ ግን ወደ ድብብቆሽ ይጠጋል። ባላጋራችን የት እንዳለ አናውቅም፤ እሱም እኛን አያውቅም። ቀድሞ ያየ ይመታል፣ ቀድሞ የታየ ይሰምጣል። የታሪክ ትምህርት ለማስተማር የምንዘጋጅ ዕጩ መምህራን ይህንን ጨዋታ ብናውቀው ይጠቅመናል። ስለዚህ ከፓስፊክ ጦርነት አንዱን ዘመቻ ወስደን አሠራሩን እንመልከት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመቻው የሚድዌይ ነው። ውጊያው የተካሄደው ጁን 4 ቀን 1942፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 27 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። ሚድዌይ ከሆኖሉሉ በስተሰሜን ምዕራብ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። የጃፓኑ አድሚራል ያማሞቶ እሷን ለመያዝ የተነሣው ለደሴቲቱ ብሎ ብቻ አልነበረም፤ የአሜሪካን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ከወደባቸው አውጥቶ ለመደምሰስ ነው። በአድሚራል ናጉሞ ሥር አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩና ሂርዩ የተባሉ 4 ተሸካሚዎች መጡ። አሜሪካ ኢንተርፕራይዝን፣ ሆርኔትንና ዮርክታውንን አሰለፈች። ዮርክታውን ከአንድ ወር በፊት በኮራል ባሕር ቆስላ ነበርና ፐርል ሃርበር ላይ በሦስት ቀን ጥገና ነው የደረሰችው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። አቫሎን ሂል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 «ሚድዌይ» የሚል ጨዋታ አውጥቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚይዘው የፍለጋ ሰሌዳ አለው። እሱን ፍለጋ መድከም አያሻንም። ሁለት ትልልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ሁለት ዳይስና በመካከል የሚጋረድ አንሶላ ይበቃናል። ወረቀቱን 12 በ12 አድርገን እናሰምር፤ ወደ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልን፣ ወደ ታች በቁጥር። እያንዳንዱ ቤት 100 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዱ ዙር 2 ሰዓት ይሁን። የዘመኑ ተሸካሚ መርከብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በአንድ ዙር አንድ ቤት ያልፋል። አውሮፕላኖቹ እስከ ሦስት ቤት ርቀው ይመታሉ፤ በሚቀጥለው ዙር ተመልሰው ማረፍ አለባቸው። የሚያርፉባት መርከብ ከሰመጠችና ሌላ ቅርብ ከሌለ፣ ባሕር ውስጥ ገቡ ማለት ነው።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በየዙሩ አራት ቤቶችን በወረቀት ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። ዳኛው «የለም» ወይም «መርከብ አለ» ብሎ ይመልሳል፤ ምን ዓይነት መርከብ እንደሆነ ግን ወዲያው አይናገርም። ይህ የፈጠራ ክፋት አይደለም። በዚያ ጠዋት ቶኔ ከተባለችው መርከብ ዘግይቶ የተነሣው የጃፓን ቃኚ አውሮፕላን መጀመሪያ «10 መርከቦች» ብሎ ነው ያስታወቀው። ከመካከላቸው ተሸካሚ ያለ እንደሚመስል የጨመረው አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

የአሜሪካውን ወገን ለያዘው ደግሞ ጃፓኖች ከየትኛው ማዕዘን እንደሚገቡ የሚገልጽ የታሸገ ፖስታ ይሰጠዋል። ይህ የሮሽፎርና የባልደረቦቹ ድርሻ ነው። እነሱ የጃፓንን የምሥጢር መልእክት ፈትተው ለአድሚራል ኒሚትስ የጥቃቱን ቦታና ጊዜ አስቀድመው ነግረውታል። ተማሪዎች «ይሄማ ማዳላት ነው!» ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ ማዳላት ነው፤ ጦርነቱም እንዲያ ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ ዋነኛው የመርከቡ ወለል ሕግ ነው። የጃፓኑ ተጫዋች አውሮፕላኖቹ ለመርከብ የሚሆን ቶርፒዶ ወይስ ለምድር የሚሆን ቦምብ እንደታጠቁ አስቀድሞ ይጽፋል። ለመለወጥ አንድ ሙሉ ዙር ይፈጅበታል። በመለወጥ ላይ ሳለ ከተመታ ጉዳቱ እጥፍ ይቆጠራል። ናጉሞ የገባበት ጣጣ ይኸው ነው። ግማሹን ኃይል ደሴቲቱን እንዲመታ ልኮ፣ ግማሹን የአሜሪካ መርከቦች ቢመጡ ብሎ አስቀርቶ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ የቀሩትም የምድር ቦምብ እንዲታጠቁ አዘዘ። የቃኚው ወሬ ሲመጣ ትእዛዙን መልሶ አጠፈ። በዚህ መካከል ከሆርኔት የተነሡ 15 የቶርፒዶ አውሮፕላኖች መጥተው በሙሉ ወደቁ፤ ከ30 ሰዎች የተረፈው አንድ ነው። ከዚያም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 አካባቢ ቦምብ ጣዮቹ ከላይ ተወረወሩ፣ በጥቂት ደቂቃዎችም ሦስት ተሸካሚዎች በእሳት ተያያዙ። ሂርዩ ተራዋ ከሰዓት በኋላ ደረሰ።

ታሪኩን ያነበበ ብልጥ ተጫዋች ጃፓንን ሲይዝ ደሴቲቱን ትቶ መርከብ ብቻ ሊያድን ይሞክራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደሴቲቱን ላልደበደበ ነጥብ የለም።

ጨዋታውን የሚያቆመውም የሚጥለውም ግን ዳኛው ነው። ጃፓኖች ራሳቸው ይህንኑ ዘመቻ በሜይ 1942 መጀመሪያ ያማቶ በተባለችው መርከብ ላይ በጠረጴዛ ተጫውተውታል። በቦታው የነበረው መኮንን ኦኩሚያ በኋላ በመጽሐፍ እንደተረከው፣ እሱ ዳይስ ጥሎ 9 ቦምቦች እንዳገኟቸው፣ አካጊና ካጋም እንደሰመጡ ፈረደ። ኤታ ማዦር ሹሙ አድሚራል ኡጋኪ «ዘጠኙ ሦስት ይሁን» አለና አካጊን አዳናት። ካጋ ግን ሰመጠች ተባለ። ግን ምን ዋጋ አለው? በሚቀጥለው የጨዋታ ክፍል ካጋም ከባሕር ወለል ተነሥታ ስትዋጋ ተገኘች!

ብዙዎች ይህን እንደ ተራ ማጭበርበር ያዩታል። እኔ ግን ለኡጋኪ ግማሽ ፍርድ እሰጠዋለሁ። አጥቂዎቹ ከሚድዌይ ምድር የተነሡ አውሮፕላኖች ነበሩና 9 ቦምብ ማግኘታቸው በእርግጥ የበዛ ነው፤ በእውነተኛው ቀን ከደሴቲቱ የተነሡት አንዱንም ተሸካሚ አልመቱም። ቁጥሩን ማረም ይቻላል። የሰመጠችን መርከብ ያለምክንያት መመለስ ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጫወቱት ስለ ሌላ ባሕር ነው። ስለዚህ የመምታት ዕድሉ ዳይስ ከመጣሉ በፊት ይጻፍ፤ ከተጣለ በኋላ ማንም እጁን አያስገባ፣ መምህሩም ቢሆን።

በአሜሪካ በኩል በኒውፖርት ያለው የባሕር ኃይል ጦር ኮሌጅ ከጃፓን ጋር የሚደረግ ጦርነትን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ደጋግሞ አስጫውቷል። ኒሚትስም በ1922 እና 1923 እዚያ ተምሯል።

ለክፍል ሲሆን ሦስት ሦስት ልጅ በየወገኑ፣ ሁለት ዳኛ፣ ስምንት ዙር ይበቃል። እያንዳንዱ ወገን በየዙሩ የሚያውቀውንና የሚገምተውን ለይቶ በደብተር ይጻፍ። በመጨረሻ አንሶላው ሲነሣ ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ይነበቡ፤ ከጨዋታው ይልቅ ጫጫታው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የካጋ ወረቀት ከጠረጴዛው በተነሣ ጊዜም ዳኛው በእውነተኛዋ ካጋ ላይ ከ800 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ይንገራቸው፤ ከዚያ ቀጣዩን ዙር ይጥራ።