ጨርቁ ምን ያህል ይታይ?

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ጥልፍ ቤት ገብቶ «ባጅ ማሠራት ፈልጌ ነበር» የሚል ሰው አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ወደ ዋጋ አይገባም፦ ሙሉ ይጠለፍ ወይስ ጨርቁ ይታይ? ጥያቄው የቆየ ነው። ዱሮ ግን «ሙሉ አድርጉት» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ክሩም፣ መርፌውም፣ በኮምፒውተር የሚሠራው መኪናም፣ ከጀርባ የሚገባው ወረቀት መሰል ጨርቅም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ ልማዱ ሒሳብ ሆነ። በዋድላ፣ ኮን ላይ ለተማሪዎች ደንብ ልብስ ባጅ የሚያሠራ ርእሰ መምህር፣ ላሊበላ ላይ ለገና እንግዳ ተቀባዮቹ አርማ የሚያዝ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለማሊያው ምልክት የሚፈልግ የቀበሌ ቡድን፣ ሁሉም እዚች ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ።

በሙያው ምርጫው በሦስት ይከፈላል። ሙሉ ጥልፍ ሲባል ከዳር እስከ ዳር ክር ነው፤ ከሥር ያለው ጨርቅ ጭራሽ አይታይም። ሦስት አራተኛ ሲባል ሥዕሉና የመደቡ አብዛኛው ክፍል ይጠለፍና እዚህም እዚያም ጨርቁ ብቅ ይላል። ግማሽ ሲባል ፊደሉና ሥዕሉ ብቻ ክር ሆነው መደቡ ራሱ ጨርቁ ነው። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከስፌት ቁጥር ነው። 10,000 ጊዜ የሚወጋ ባጅ በደቂቃ 800 በሚወጋ መኪና 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ክር ሲበጠስ፣ መብራት ሲሄድ የሚባክነው ሳይታሰብ ነው። ቁጥሩ በግማሽ ከወረደ ያው መኪና በአንድ ሰዓት እጥፍ ባጅ ያወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ርካሽ ስለሆነ ግማሹን ምረጡ ልል አይደለም። የኔ ክርክር ሌላ ነው፦ ክር የበዛበት ሁሉ የከበረ ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን በዝቶ የሚያበላሸው እሱ ነው።

አንድ የትምህርት ቤት ባጅ ቀረብ አድርገን እንይ። ስፋቱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው። መሐሉ ላይ የተከፈተ መጽሐፍና ችቦ፣ ዙሪያውን በክቡ የትምህርት ቤቱ ስም አለበት፤ ስሙም እንደ ወትሮው ረጅም ነው። ቦታ ስለጠበበ ፊደሉ ያንሳል። የእኛ ፊደል ደግሞ ሲያንስ የሚጠፋበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ኃምሱ። የ«ሌ»ን ቀለበት ክር ሞልቶ ከደፈነው ተማሪው «ሊ» ብሎ ያነበዋል። የ«ጭ» እና የ«ጥ» እግሮች ይጣበቃሉ፤ «ሕ» ድፍን ጉብታ ትሆናለች። ለላቲን ፊደል 5 ሚሊ ሜትር ቁመት ይበቃል የሚለው የሙያው ልማድ ለእኛ አይበቃም። መደቡ ሙሉ ጥልፍ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ፊደሉ የሚሰፋው በሌላ ክር ላይ ስለሆነ ቀጫጭኑ መስመር በመደቡ ክር መካከል ይሰጥማል። ጠንከር ባለ ጋባርዲን ላይ በቀጥታ የተሰፋ ፊደል ግን ጥርት ብሎ ይቆማል። የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ ቤቱን በቃል ስለሞላው ብቻ መምህሩ «ይበል» እንደማይሉት ያውቃል፤ ባጅም ከዚህ አይለይም።

ሙሉ ጥልፍ የራሱ ብልጫ አለው፤ እሱም እጥበት ላይ ይታያል። በደጋው ፀሐይ የተሰጣ፣ በበረኪና የተነከረ ደንብ ልብስ ቀለሙ ቶሎ ይገረጣል። የባጁ መደብ ጨርቅ ከሆነ አብሮ ይገረጣል፤ ክር ከሆነና ክሩ ፖሊስተር ከሆነ ግን ቀለሙን ይዞ ይቆያል። «ክሩ» ሲባል ታዲያ የትኛው ብሎ መጠየቅ ነው። ሬዮን የሚባለው ክር እንደ ሐር ያብረቀርቃል፤ በረኪና ግን አይችልም። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። በሌላ በኩል ሙሉ ጥልፍ ጨርቁን ወደ መሐል ይስበዋል። ከጀርባ በቂ ድጋፍ ካልገባለት ክብ የተባለው ባጅ እንቁላል መስሎ፣ ዳሩም ተሸብሽቦ ይወጣል።

«ሙሉ አድርጉት» የሚለው ልማድ ከየት መጣ ከተባለ መልሱ ከቤተ ክህነትና ከቤተ መንግሥት ነው። በገና ወይም በጥምቀት ላሊበላ የቆመ ሰው ያየዋል፤ ድባቡ፣ ካባው፣ ላንቃው፣ ከፋይ ላይ በወርቅማ ክር የተሞላ ነው። ሙካሹን ያየ ዓይን ክብርን በክር ብዛት መለካቱ አይገርምም። ግን ወርቅማ ክር የሚሠራበትን ዘዴ ልብ ያለ ሰው ሌላ ነገር ያስተውላል። የብረት ክር ጨርቅ ውስጥ ደጋግሞ ቢመላለስ ይላላጣል። ስለዚህ በዓለም ሁሉ የወርቅ ጠላፊዎች ክሩን በጨርቁ ገጽ ላይ ያስተኙትና በሌላ ቀጭን ክር እየያዙ ያስሩታል፤ ውዱ ክር ወደ ጀርባ አይባክንም። ሙሉ የሚመስለው ጥልፍ እዚያም በቁጠባ የተሠራ ነው።

ለክርክሬ ከሁሉ አብልጬ የምጠቅሰው ግን አንድ ቀሚስ ነው። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ፤ መዝገቡ የንግሥት ጥሩነሽ ይለዋል። እኛ እቴጌ ጥሩወርቅ የምንላት፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት ናት። ከመቅደላ የሄደ ነው። ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የዚሁ የኮንና የዋድላ አካባቢ መንገድ ነው፤ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፉን እያስጎተተ፣ ሊወጋው የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየርም ዝሆኖቹን እየነዳ በየፊናቸው የዋድላንና የደላንታን አምባ አቋርጠው ነው በሽሎ የወረዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አምባው ተያዘ፣ ንጉሡም ራሱን ገደለ። እቴጌዋ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትወሰድ ወር ያህል ቆይታ በመንገድ ሞተች፤ ጨለቆት ተቀበረች።

ቀሚሱ ነጭ የጥጥ ነው። ጥልፉ ባለቀለም ሐር ነው፤ የተሰበሰበውም በአንገቱ፣ በደረቱና በእጅጌው ጫፍ ነው። ሌላው ባዶ ነጭ ነው። የንጉሠ ነገሥት ሚስት ሐር አጥታ አይደለም! ጠላፊው የት ማቆም እንዳለበት ስላወቀ ነው። ነጩ ጥጥ ራሱ የንድፉ አካል ነው፤ ሐሩ ጎልቶ የሚታየውም በእሱ ምክንያት ነው። በዛሬው የጥልፍ ቤት ሒሳብ ቢተመን ከግማሽ በታች ይሆን ነበር።

ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ በ2010 ዓ.ም ዐውደ ርእይ ሲከፍት ቀሚሱን ከመቅደላ ከተወሰዱት ከዘውዱና ከወርቅ ጽዋው ጋር አቅርቦት ነበር። ኢትዮጵያ ቅርሶቹ እንዲመለሱላት በይፋ የጠየቀችው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የዐውደ ርእዩ ጊዜ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት ያቀረቡት ሐሳብ ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ብድር ወደ ኢትዮጵያ ይሂዱ የሚል ነበር። የራስን ዕቃ በብድር? ብዙ ኢትዮጵያዊ ተቆጣ፤ ሙዚየሙም ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ የሚያስረውን እ.ኤ.አ. የ1983 የእንግሊዝ ሕግ ይጠቅሳል። እኔን የሚቆጨኝ ክርክሩ ዘውዱና ጽዋው ላይ ሲከርር ቀሚሱ የግርጌ ነገር መሆኑ ነው። ዘውድ ቢመለስ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ቀሚሱ ቢመለስ ግን ሽሮ ሜዳ ያለ ጠላፊ ገልብጦ ሊያየው ይችላል፤ የጥልፍ እውቀት ደግሞ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ክሩ ከአበባ ወደ አበባ በየት ዞረ፣ የት ተቋጠረ፣ የት ተቆጠበ የሚለውን ፎቶ አይነግረውም።

የመኪናውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። በ1828 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኢዮሱዌ ሃይልማን ሙሉዝ ላይ ብዙ መርፌ ያለው የእጅ መኪና ሠራ፤ በ1863 ስዊዘርላንዳዊው ኢዛክ ግሮብሊ በመወርወሪያ የሚሠራውን አመጣ፤ በ1960ዎቹ የጃፓኑ ታጂማ ባለብዙ ጭንቅላት መኪና አወጣ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ገባ። ባጅን የጅምላ ዕቃ ያደረጉት እነዚህ ናቸው። በጅምላ ለተሠራ የትከሻ ምልክት ለእኛ አገር ቅርብ የሆነ ጥሩ ምሳሌ ከኮሪያ ጦርነት ይገኛል። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ የዘመቱት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃዎች የተመደቡበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት በቀይ ክብ ላይ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ፊደል የለም፣ ቀጭን መስመር የለም፣ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ሙሉ ጥልፍ የሚያምረው እንዲህ ባለው ላይ ነው።

የታተመ ባጅም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ፎቶም ይቀበላል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላም ዳሩ ይሰነጠቃል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ባጁ የሚያርፍበት ልብስ ግን ሊረሳ አይገባም። ደንብ ልብስ ካኪ ወይም ጋባርዲን ስለሆነ ከባዱንም ይሸከማል። የደጋው ሰው የሚለብሰው ጋቢ ግን ልል ሽመና ነው፤ ሙሉ ጥልፍ የሆነ ደንዳና ባጅ ቢሰፋበት ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ክሩንም ይገምሰዋል። በርኖስም ሱፍ ነውና በካውያ የሚለጠፈውን ዓይነት አይወድም፤ ሙጫው እስኪቀልጥ የሚፈልገው ሙቀት ሱፉን ያኮማትረዋል። ለሁለቱም ግማሽ ጥልፍ፣ ቀጭን ድጋፍ፣ በእጅ የተሰፋ ዳር ይሻላል።

ትእዛዙ በቴሌግራም ተልኮ ባጁ በአውቶብስ ለሚመጣለት ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪን ላይ የሚታየው ንድፍ ክር አይደለም። 500 ባጅ ከማስሠራት በፊት አንድ በሙሉ፣ አንድ በግማሽ አሠርቶ መቀበል፣ ሁለቱንም በበረኪና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱን ስም ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ማስነበብ ይገባል። የናሙናው ዋጋ ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ እንዲቀነስ ከጥልፍ ቤቱ ጋር ቀድሞ መነጋገርም አይከፋም።