ያውቁ ኖሯል? ወንዝ ጥሎት የሄደው ፏፏቴ

በአሜሪካዋ አሪዞና፣ ከግራንድ ካንየን ገባር ሸለቆዎች በአንዱ፣ ሱፓይ የምትባል የሀቫሱፓይ ሕዝብ መንደር አለች። መኪና አይደርስባትም። 13 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ወይም በበቅሎ ይወረዳል፤ የቸኮለ በሄሊኮፕተር ይገባል። ፖስታዋ ሳይቀር የሚመጣው በበቅሎ ተጭኖ ነው።

ተጓዡን እስከዚያ የሚጎትተው ከሰማያዊም ከአረንጓዴም የተቀላቀለው ውሃዋ ነው። ውሃው ከኖራ ድንጋይ ያሟሟውን ካልሲየም ካርቦኔት ተሸክሞ ይወርድና ያገኘውን ቅጠልና ጉቶ ሁሉ በድንጋይ ይለብጠዋል። በአካባቢው ፏፏቴዎች ሥር ያሉትን ገንዳዎች የገደቡት እነዚህ ቀስ በቀስ የተጋገሩ ድንጋዮች ናቸው። ጎርፍ ግን በአንድ ሌሊት ይደረምሳቸዋል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ከባድ ዝናብ ከመንደሯ በላይ የነበረን የአፈር ግድብ ጣሰ። ወንዙ አዲስ መንገድ ቀደደና ናቫሆ የተባለው ዝነኛ ፏፏቴ ደርቆ ቀረ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀድሞ ያልነበሩ ሁለት ፏፏቴዎች ብቅ አሉ! አካባቢው ለጎብኚዎች ዳግም የተከፈተው በ2009 ነው።

የጎርፉ ክፋት፣ ዝናቡ የሚጥለው እዚያው ላይሆን ይችላል። ሩቅ ደጋ ላይ የወረደው ውሃ በጠባቡ ገደል ተሰብስቦ ስለሚመጣ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚዋኘውን ሰው ደራሽ ውሃ ሊደርስበት ይችላል።

በኦገስት 2024 በደረሰው ጎርፍ አንዲት ተጓዥ ሕይወቷ አልፏል፤ ከመቶ በላይ ሰዎችም በሄሊኮፕተር ወጥተዋል። ለመንደሯ ነዋሪዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1910 መባቻ የወረደ ጎርፍ ቤቶቻቸውን ጠራርጎ ወስዶ ነበር።