የፎገራ ሩዝ የጠራቸው ማሽኖች፤ ከጥገና ወደ ማምረት

በደቡብ ጎንደር ዞን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታ ከተማ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ሌላው በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወደ ወልድያ ያመራል። በዚህ መገናኛ ላይ የተቆረቆረችው ወረታ ቀድሞ የምትታወቀው በከብት ገበያዋና በዙሪያዋ በሚረባው የፎገራ ላም ወተት ነበር። ዛሬ ግን ወደ ከተማዋ የሚገባ እንግዳ ቀድሞ የሚያስተውለው የሩዝ መፈልፈያ ቤቶቿን፣ በየደጃፋቸው የተቆለለውን የሩዝ ገለፈትና ጆንያ የጫኑ መኪኖችን ነው።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሚመጣ ደለል የተሞላና ጥቁር አፈር የለበሰ ነው። በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ለጤፍም ሆነ ለበቆሎ አስቸጋሪ የሆነው ይህ ጠባዩ ለሩዝ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ሜዳው ለሩዝ እንግዳ አለመሆኑን በአካባቢው የሚበቅለው የዱር ሩዝም ይመሰክራል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራና በፎገራ ወረዳዎች በነበሩት የጅግናና የሻጋ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ሰብሉን አስተዋወቁ። ለረጅም ዓመታት በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ገንኖ የቆየው ኤክስ ጅግና የተሰኘው ዝርያ ስያሜውን ያገኘውም ከዚሁ ሥፍራ ነው። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙ አልፈረሰም። አርሶ አደሩ ከጤፍ ጋር እየቀላቀለ እንጀራ ጋገረበት፤ ጠላና አረቄ አወጣበት፤ ገለባውን ለከብቱ አበላ፤ የተረፈውንም ሸጠ።

በ2000 ዓ.ም አካባቢ ሰብሉ "የሚሌኒየም ሰብል" የሚል መጠሪያ አገኘ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ተቀረጸ። በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫውን ወረታ ላይ ማድረጉም ከተማዋን የሩዝ ልማት ማዕከል አድርጓታል።

ምርቱ ሲያድግ ግን ከማሳው ውጪ ያለው ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። የታጨደው ሩዝ አውድማ ላይ ተነጥፎ በበሬ ይበራያል፤ በመንሽ ይዘራል፤ በሰፌድ ይነፍሳል። በዚህ ሒደት አፈርና ጠጠር ከፍሬው ጋር ይቀላቀላል፤ የእንስሳት እዳሪም አይጠፋም። ጠጠሩ የገዢውን ጥርስ ከማስቆጣት አልፎ የመፈልፈያውን ወንፊት ይቀዳል። ሥራው በአመዛኙ በሴቶችና በልጆች ትከሻ ላይ የሚወድቅ ከመሆኑም በላይ በሬው ለቀጣዩ የጓያና የሽምብራ እርሻ በሚፈለግበት ወቅት አውድማ ላይ ይውላል። በሜዳው እነዚህ ሰብሎች የሚዘሩት በቀሪ እርጥበት ስለሆነ አንድ ሳምንት መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላው ችግር የሚጀምረው መፈልፈያ ቤቱ ውስጥ ነው። አንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ በአማካይ 20 ኪሎ ግራም ያህሉ ገለፈት፣ 10 ኪሎ ግራም ያህሉ ደግሞ ብራን ወይም ፍሩሽካ ነው። ቀሪው 70 ኪሎ ግራም ገደማ ወደ ነጭ ሩዝነት ሊለወጥ የሚችል ክፍል ነው። ይሁንና ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጆንያ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ማሽኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤንግልበርግ በተባለ ብራዚላዊ የተፈለሰፈውና ዛሬም በታዳጊ አገሮች በስፋት የሚሠራበት የብረት መፈልፈያ ገለፈቱን መንቀልና ፍሬውን ማንጣት በአንድ ጊዜ የሚያከናውን ነው። ማሽኑ ርካሽ ነው፤ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ብረት ቀጥቃጭ ይጠግነዋል። ነገር ግን ፍሬውን ከብረት ጋር በኃይል ስለሚያፋትገው ይሰባብረዋል። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት እንደሚያመለክተው በዚህ ዓይነት ማሽን ከመቶ ኪሎ ግራም የሚገኘው ነጭ ሩዝ ከ53 እስከ 55 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን ከዚሁም ሳይሰበር የሚወጣው ሲሶ ያህሉ ነው። ሥራውን በደረጃ ከፋፍለው በሚያከናውኑ ዘመናዊ መፈልፈያዎች ግን መጠኑ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

ልዩነቱ በኩንታል ቢያንስ 10 ኪሎ ግራም ነው። በቀን 20 ኩንታል የሚፈለፍል ቤት ቢታሰብ በየቀኑ ሁለት ኩንታል ነጭ ሩዝ ዱቄትና ስብርባሪ ሆኖ ከፍሩሽካው ጋር ይወጣል ማለት ነው። ያንን ሁለት ኩንታል አርሶ አደሩ አርሶታል፣ አርሞታል፣ አጭዶታል። አገሪቱ በ2008 ዓ.ም አካባቢ በዓመት ከ300 ሺህ ቶን በላይ ሩዝ ከውጭ ታስገባ እንደነበር ሲታሰብ ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። በአዲስ አበባ መደብሮች የፎገራው ሩዝ ከሕንድና ከፓኪስታን ከሚመጣው ጋር ሲወዳደር ከሚሸነፍባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ስብራትና ጠጠር ናቸው። ሁለቱም ማሽን የሚፈታቸው ችግሮች ናቸው።

ስብራትን የሚቀንሰው የጎማ ጥቅል ያለው መፈልፈያ ነው። ሁለት የጎማ ጥቅሎች በተለያየ ፍጥነት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ በመካከላቸው የሚያልፈውን ፍሬ ገለፈት አሽተው ይገፉታል። በጥቅሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከፍሬው ውፍረት ጥቂት ማነስ አለበት፤ ከሰፋ ፍሬው ከነገለፈቱ ያልፋል፣ ከጠበበ ይሰበራል። ፍሬው 14 ከመቶ ገደማ እርጥበት ሲኖረው ሥራው የተሻለ ይሆናል። የመውቂያው ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ጥርስ ያለው የመውቂያ ከበሮ ጠርዙ በሰከንድ ከ12 እስከ 16 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት መዞር ይኖርበታል። ከዚያ ሲያንስ ፍሬ ዛላው ላይ ይቀራል፤ ሲበልጥ ፍሬው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ወደ መፈልፈያ ይሄዳል። ስንጥቁ የሚታወቀው በኋላ ነው፤ ባለመፈልፈያው የሚወቀስበት ስብራት ብዙ ጊዜ አውድማ ላይ የጀመረ ነው።

እንዲህ ያለውን ማሽን ከውጭ ከማስገባት ይልቅ በቅርብ ማምረት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በእስያ በ1960ዎቹ የፊሊፒንሱ ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት የመውቂያ ንድፍ ሠርቶ ለትናንሽ የብረታ ብረት ድርጅቶች በነጻ ሰጥቷል። ንድፉን የተቀበሉት ድርጅቶች እንደየአካባቢያቸው እያሻሻሉ አባዝተውታል። በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆም እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ የምዕራብ አፍሪካ የሩዝ ልማት ማኅበር ከአገሪቱ የምርምርና የልማት ተቋማት ጋር በመሆን "አሲ" የተባለውን መውቂያ አዘጋጅቶ በአገር ውስጥ ወርክሾፖች እንዲመረት አድርጓል። በሁለቱም ቦታዎች ማሽኑ የተስፋፋው ትልቅ ፋብሪካ ስለተገነባ ሳይሆን ንድፉ በብየዳ ሠራተኛው እጅ ስለገባ ነው።

የጃፓኑ ሳታኬ ኩባንያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የሚነሳ አምራች እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ1896 በሂሮሺማ አካባቢ ሲመሠረት የመጀመሪያ ሥራው ለሳኬ መጥመቂያ የሚሆን ሩዝ በሞተር ኃይል የሚያነጣ ማሽን መሥራት ነበር። ደንበኞቹ በደጃፉ ያሉ ጠማቂዎች ነበሩ። ዛሬ በካሜራና በኮምፒዩተር እየታገዘ ቀለሙ የተበላሸውን ፍሬና ጠጠሩን በአየር ግፊት አንድ በአንድ የሚለይ ማሽን ለዓለም የሚያቀርብ ድርጅት ሆኗል። ወረታና ሂሮሺማ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አምራቹ ከተጠቃሚው አጠገብ መኖሩ ጠቀሜታው ቀላል አይደለም።

በአማራ ክልል ለዚህ የሚሆን የሙያ መሠረት አለ። በ1955 ዓ.ም በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የእርሻ መሣሪያና የብረታ ብረት ቴክኒሺያኖችን ሲያፈራ ቆይቷል። የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዚሁ ወራሽ ነው። በክልሉ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የግብርና ሜካናይዜሽንና የምግብ ሳይንስ ምርምር ማዕከል ባሕር ዳር ይገኛል። በአዲስ አበባም የሰላም የቴክኒክና ሙያ ማዕከል መውቂያዎችንና ሌሎች የእርሻ መሣሪያዎችን ያመርታል።

እነዚህን ማሽኖች የሚሠራ ወርክሾፕ ዋና መሣሪያዎቹ ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ሞላና የብየዳ ማሽን ናቸው። ላሜራው በኖራ ይሰመራል፣ በሞላ ይቆረጣል፣ ከአንጎላሬ ጋር ይበየዳል። በዚህ መንገድ የሚሠራ መውቂያ ይሠራል፤ ግን ሁለት መውቂያዎች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የአንዱ ወንፊት ለሌላው አይገጥምም። በመኸር መካከል ጥርሱ የተሰበረበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ማሽኑን በጋሪ ጭኖ ወደ ሠራው ሰው መመለስ ግድ ይሆንበታል። ሠሪው ከሌለ መውቂያው ጥግ ይይዛል፤ በሬው ወደ አውድማ ይመለሳል።

የዲጂታል ማምረቻ መሣሪያዎች የሚፈቱት በቅድሚያ ይህንን የልኬት ችግር ነው። በኮምፒዩተር የሚመራ መቁረጫ፣ ባለሙያዎቹ ሲኤንሲ የሚሉት፣ የወንፊቱን ንድፍ ከፋይል አንብቦ በፕላዝማ ነበልባል ላሜራውን ይቆርጣል። መቶኛው ወንፊት ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል። ቴክኖሎጂው መነሻው እ.ኤ.አ በ1952 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይፋ የሆነው በቁጥር የሚመራ የብረት መሞረጃ ማሽን ነው። ሦስት አውታር ማተሚያ ወይም ስሪዲ ፕሪንተር የሚባለው ደግሞ ቁስን እየደራረበ ቅርጽ የሚያወጣ ሲሆን የመጀመሪያው የባለቤትነት መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1986 ነው። ፕላስቲክ ክር እያቀለጠ የሚያትመው ዓይነት የባለቤትነት ጥበቃው እ.ኤ.አ በ2009 ሲያበቃ ዋጋው ወርዶ ትምህርት ቤቶችና ትናንሽ ድርጅቶች ሊገዙት ቻሉ።

እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። የታተመ ፕላስቲክ የመውቂያ ጥርስ ሊሆን አይችልም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የፑሌጃ ወይም የማርሽ ሞዴል አትሞ በአሸዋ ቅርጽ ማውጣትና ብረት ማፍሰስ፣ አዲስ ንድፍ ብረት ሳይባክን መሞከር፣ ቴክኒክና ሙያ ተቋም ውስጥ የሚማረው ወጣት ያሰበውን በእጁ እንዲይዘው ማድረግ። ለወረታ ቅርብ የሆነው መሣሪያ መቁረጫው ነው። እሱም ቢሆን የተረጋጋ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የታመቀ አየርና ንድፍ የሚያወጣ ሰው ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ላሜራው ይበላሻል።

ማሽኑን ለመግዛት የሚያስፈልገው ካፒታል ከአንድ የብየዳ ማኅበር አቅም በላይ ነው። ለዚህ የተዘረጋ ሥርዓት አለ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 807/2005 ማሽን በዱቤ ግዢ ኪራይ እንዲቀርብ ይፈቅዳሉ፤ በአማራ ክልልም ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ ኩባንያ ለዚሁ ዓላማ ተቋቁሟል። የማኅበሩን ማመልከቻ የሚመዝነው ባለሙያ ማሽኑ በዓመት ስንት ወር ሥራ እንደሚኖረው መጠየቁ አይቀርም። የሩዝ መውቂያ ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ብዙም አይዘልም። ስለዚህ በቀሪዎቹ ወራት በር፣ መስኮት፣ የውኃ ፓምፕ አካልና የጤፍ መውቂያ የማይቆርጥ ማሽን ኪራዩን አይከፍልም። በርብና በጉማራ ዳርቻ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት የሚፈልጋቸው መሣሪያዎችም የዚሁ ገበያ አካል ናቸው።

የታክስ ጉዳይም ይነሳል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ እንዲገቡ መወሰኑ ለአርሶ አደሩ ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል ያለቀለት መውቂያ በነጻ ሲገባ ላሜራው፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጋውና ሞተሩ በምን ሁኔታ እንደሚገቡ ካልታየ የአገር ውስጥ ሠሪው ከመነሻው ወደ ኋላ ይቀራል። በሲኤንሲ የተቆረጠ ወንፊትም በውድ ላሜራ ከተሠራ ውድ ነው። የጎማ ጥቅሉም እንዲሁ ነው፤ በሥራ የሚያልቅና በየጊዜው መተካት ያለበት በመሆኑ አቅርቦቱ ሲቋረጥ ባለመፈልፈያው ወደ አሮጌው የብረት ማሽን ይመለሳል።

በመፈልፈያዎቹ ደጃፍ ወደ ተቆለለው ገለፈት ስንመለስ እርሱም ማሽን ይጠብቃል። ከአምስት ኪሎ ግራም ያልተፈለፈለ ሩዝ አንዱ ኪሎ ግራም ገለፈት ነው። በሌሎች አገሮች ተጠቅጥቆ እንደ ማገዶ ይሸጣል፣ ሩዙን ለማድረቂያ ምድጃ ይነድዳል። መጠቅጠቂያው ጠመዝማዛ ዘንግ፣ የብረት ቱቦና ሞተር ነው፤ ቶርኖ ያለው የወረታ ወርክሾፕ ሊሠራው የማይችለው ክፍል የለውም።