ሦስተኛው ቀን፦ ስለ ሱስና ስለ ጠፉ ሰዎች ተረትና እውነታ

ባልና ሚስት አብረው ከቤት ከወጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው እንበል። ከባህር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የደቡብ አቸፈሯ ዱርቤቴ ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው ወሬውን ይቀባበላል። «ሲቅሙ ውለው ሲጠጡ የሚያድሩ ናቸው፤ ሲነጋላቸው ይመጣሉ» ይላል አንዱ። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ፍለጋውም እዚያው ያበቃል። ስለ ሱስ የምናምነው ነገር ሰው እንድንፈልግ ወይም እንድንተው ያደርገናልና እንየው።

ተረት፦ ጫት ቅጠል ነው፤ ሱስ የለውም።
እውነታ፦ ነጋዴው እስሩን በኮባ ጠቅልሎ ውሃ የሚረጨው፣ የጫት መኪናም እንደዚያ የሚከንፈው በከንቱ አይደለም። የሚያነቃቃው ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ይዳከማል። አንጎል ላይ የሚሠራውም እንደ አምፌታሚን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. ጫት ከቀላል እስከ መካከለኛ የሥነ ልቦና ጥገኝነት ሊያስከትል እንደሚችል አስታውቋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወንዶች 27፣ ከመቶ ሴቶች 12 ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል፤ የቀመሰ ሁሉ ግን ሱሰኛ አይሆንም።

ተረት፦ ማታ በአረቄ ጨብሲ ካደረጉ ምርቃናው ተሰብሮ ነገሩ ያልቃል።
እውነታ፦ ነገሩ እጥፍ ይሆናል። ጫቱ የነሳውን እንቅልፍ መጠጡ በግድ ያመጣዋል፤ ጠዋት የተጫጫነውን ሰውነት ለማንቃት ደግሞ ጫት ያምረዋል። ብዙ ጊዜ ሰው «ቃሚ» እየተባለ ይታማል እንጂ ይበልጥ የሚጎዳው መጠጡ ነው።

ተረት፦ ትዳር ሰው ያደርገዋል፤ አግባው፣ ይተዋል።
እውነታ፦ ትዳር ለሚታከም ሰው ትልቅ ደጀን ነው፤ በራሱ ግን መድኃኒት አይደለም። ሁለቱም ሱስ ካለባቸው፣ ያቆመው ቤቱ በገባ ቁጥር ገረባውንና ጠርሙሱን ያያል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ከማከም ሁለቱን አብሮ ማከም ይሻላል።

ተረት፦ ቆራጥ ሰው በአንድ ቀን ይተዋል፤ እምቢ ካለ ጸበል ወስዶ አስሮ ማቆየት ነው።
እውነታ፦ ጫት ያቆመ ሰው ሃራራ፣ ድካም፣ ድብርትና ቅዠት ይይዘዋል፤ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ሰንሰለት ይህን አያስቆመውም፤ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ መድኃኒት ግን ያስቆመዋል። ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም፤ ባህር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች አሉ።

ተረት፦ ሱሰኛ ቢጠፋም ይመለሳል፤ ትንሽ እንጠብቅ።
እውነታ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት የሚጠብቀው፣ ወሬው የጠፋን ሰው ፍርድ ቤት «ጠፍቷል» ብሎ እንዲወስን ለመጠየቅ ነው። ሰውየውን ለመፈለግ ሁለት ቀን እንኳ መጠበቅ ጉዳት አለው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን እንመለስ። እነዚያ ባልና ሚስት ገንዘብ አልቆባቸው ወይም እንተወዋለን ብለው መጠጥ አቁመው ከሆነ፣ መናኸሪያው «ይመጣሉ» የሚልበት ቀን አእምሯቸው ሊደናገር የሚችልበት ቀን ነው። ስማቸውን መናገር አቅቷቸው ጤና ጣቢያ ተኝተው፣ ወይም ጸበል ቦታ ተጠልለው ሊሆን ይችላል። ለፖሊስና ለሐኪም የለበሱትን ልብስ ስትነግሩ፣ መጨረሻ የጠጡት መቼ እንደሆነም ንገሩ። ቤተሰብ በሐፍረት የሚደብቀው ይህ ወሬ ሕይወት የሚያተርፈው ነው።