ውሮና የሰንበት ዶሮ

ዓርብ ጠዋት በእስራኤሏ አፉላ ከተማ ለሰንበት ዶሮ በሚበለትበት ቤት ድመት ካለች ከማድ ቤት አትጠፋም። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ በእግር መሐል ትሽሎከለካለች፣ ቁራጭ እስኪጣልላት ትጮኻለች። ጥግ ላይ ከሱቅ የተገዛ ደረቅ ምግብ በሳህን ሞልቶላታል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከዶሮው አትነቅልም።

ጥሬው ሥጋ ይሰጣት ወይስ አይሰጣት?

በአፉላ ለሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ነገሩ የኋላ ታሪክም አለው። በጎንደር ሳሉ እንደ ጎረቤቶቻቸው ቁርጥ አይበሉም ነበር፤ ደም በኦሪት የተከለከለ ነውና ሥጋው ታጥቦ፣ ደሙ ወጥቶ ይበስል ነበር። የመንደሯ ድመት ግን ጥሬ ሥጋ አጥታ አታውቅም። ጎተራ ሥር የምታደፍጠው ለዚሁ ነው።

አይጥን ስትበላ ደግሞ ሙሉውን ነው፦ ሥጋውን፣ ልቡን፣ ጉበቱን፣ ከነአጥንቱ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራ ከሥጋ ማግኘት አለባት። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ፖል ፓዮንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ልባቸው ተለጥጦ የደከመ ድመቶች ታውሪን ሲሰጣቸው እንዳገገሙ አሳዩ። ድመቶቹ ይበሉ የነበረው የፋብሪካ ምግብ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የታውሪኑን መጠን ከፍ አደረጉ። ስለዚህ ዛሬ ለድመት የተሟላ መሆኑ የተጻፈበት ደረቅ ምግብ ታውሪኑንም፣ ካልሲየሙንም፣ ቫይታሚኑንም ይዟል። የዶሮ ደረት ግን የአይጥን ቦታ አይተካም፤ ካልሲየሙ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ እየበላች የምታድግ ግልገል አጥንቷ ይሳሳል፤ ከወንበር ስትዘል ሊሰበር ይችላል።

ጥሬ ሥጋ እንግዲህ ለድመት ባዕድ አይደለም፤ የሚያጣላው መጠኑ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ነገር ከዕለቱ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራሉ። 4 ኪሎ የምትመዝን የቤት ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። የዚህ 10 በመቶ በቀይ ሥጋ ሲታሰብ 15 ግራም ያህል፣ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ነው። ጉበት በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ በዝቶ ይመርዛታል። አንዳንድ ጥሬ ዓሣም ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋባታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ንጽሕና ነው። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ በፍሪዘር አይሞትም፤ ሥጋው ሲቀልጥ እንደገና ይራባል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንዲት የቤት ድመት ከጥሬ የተርኪ ሥጋ የተዘጋጀ በረዶ የሆነ ምግብ በልታ በወፍ ጉንፋን ሞታለች። ተርኪ በእስራኤል በብዛት የሚበላ ሥጋ ስለሆነ ይህን ወሬ ችላ ማለት አይገባም። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተውሳክም በጥሬ ሥጋ ይተላለፋል፤ ድመቷ ከኩሷ ጋር ታወጣዋለች፣ ለፅንስም አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሥጋውን ያለ ጨው ቀቅሎ መስጠት ይሻላል። የድመቷን አሸዋ በየቀኑ ሌላ ሰው ይጥረግ፤ ተውሳኩ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት የየቀኑ ጽዳት ብዙ ያድናል።

በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ደግሞ በሃይማኖቱ ሕግ መሠረት ስንዴ ወይም ገብስ ያለበት ደረቅ ምግብ እንኳ ከቤት ይወጣል። ያን ሳምንት በሥጋ ብቻ ከማሳለፍ እነዚህ የሌሉበትን ምግብ ቀደም ብሎ መግዛት ነው።

ከዶሮ ወጡ ግን፣ ሥጋው ታጥቦም ቢሆን፣ አይስጧት። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። የእሷን ቁራጭ ዶሮው ወደ ድስቱ ከመግባቱ በፊት ይለዩላት።