ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ሆነ፤ አማርኛችንስ የት ሄደ?

መካነ ሰላም ላይ ጽሑፍ ቤት ገብቶ ፍላሽ የሰካ ሰው ይህችን ነገር ያውቃታል። ፋይሉ ይከፈታል፣ ገጹ ሙሉ ነው፣ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ተደበላልቆ ተደርድሯል። ባለ ፍላሹ ላብ በላብ ይሆናል። ከኋላ ወረፋ የያዘው «ቫይረስ ነው» ይላል። ቫይረስ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ስለተጫነበት ነው።

እኛም ደርሶብናል። የምንሠራበትን ላፕቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 ስናሳድግ «ከነአካቴው ፎርማት ይደረግ፣ ይቀለዋል» ብለን ወሰንን። ቀለለው። ግን ፓወር ግዕዙም፣ የሰበሰብነው ፎንትም፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥናቸው ሁለት ፎልደሮችም አብረው ሄዱ። ጥፋቱ የራሳችን ነው፣ ማንንም አንወቅስም። እናንተ እንዳትደግሙት ግን ይህን ጻፍን።

መጀመሪያ፣ ለምን አሁን ሁሉም ሰው ይቀይራል? ዊንዶውስ 10 የወጣው በ2007 ዓ.ም ሐምሌ ነበር። ማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025)። «ቆመ» ማለት ኮምፒውተራችሁ አይበራም ማለት አይደለም። ይበራል፣ ይሠራል። የሚቀረው የደኅንነት አፕዴት ነው፤ ከእንግዲህ አንድ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንላችሁ የለም። ለአንድ ዓመት የሚራዘም ፕሮግራም ግን አለ፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ይቆያል። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ ሴቲንጋችሁን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ ካደረጋችሁ ግን በነፃ ያስገባችኋል። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ስትገቡ የመመዝገቢያው ሊንክ ከታየ ተመዝገቡ። ለብዙዎቻችሁ ከመቸኮል ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ ፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ እስኪያልፍ።

ምክንያቱም እዚህ አካባቢ፣ ከአቀስታ እስከ አጅባር፣ በእጃችን ያለው አብዛኛው ላፕቶፕ ሁለተኛ እጅ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ስቶሬጅ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና በኢንቴል 8ኛ ጄነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ጄነሬሽኑን ለማወቅ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ግቡ። ኮር አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ 7200 ካለ 7ኛ ነው፣ አያልፍም። 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ ያልፋል። 1135 ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ውሰዱ፣ 11ኛ ነው። ለመግዛት ደሴ የምትሄዱ ካላችሁ ሻጩ «አይ 5 ነው፣ ምርጥ ነው» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ ይህን ቁጥር እዩ። የ4ኛ ጄነሬሽን አይ 7 ከ8ኛው አይ 3 ይልቅ ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደለም።

«ቲፒኤም የለህም» ብሎ የመለሳችሁ 8ኛ ጄነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ቺፑ አለ፣ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም መስፈርቱን ዘሎ በአሮጌ ማሽን ላይ የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም። ይሠራል፣ አንዋሽም። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት የመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሏል። ደግሞ ከ24ኤች2 ቨርዥን ወዲህ በጣም የቆዩት፣ እንደ ኮር 2 ዱዎ ያሉት፣ ጭራሽ አይነሱም። ለአፕዴት ብለን ቀይረን አፕዴት የሌለው ነገር መጫን ትንሽ አያስቅም?

አሁን ወደ አማርኛው።

የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ኮምፒውተር አማርኛን ሳያውቅ በፊት የተሠሩ ናቸው። ዘዴያቸው ማታለል ነበር። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ምልክት ቦታ ላይ «ሰ» ወይም «ላ» ይሥልበታል። ፎንቱ ካለ ሰላም ነው። ፎንቱ ከሌለ ያ የተደበቀው ምልክት እንዳለ ይወጣል። ጽሑፍ ቤት ያያችሁት ዝባዝንኬ ይኸው ነው። ከቆየ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ የሚበላሸውም ለዚህ ነው።

በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። ከዚያ በኋላ «ሰ» የትም ቦታ «ሰ» ነው፤ ስልካችሁ ላይ የምትጽፉት አማርኛ በሙሉ ዩኒኮድ ነው። አዲሶቹ የፓወር ግዕዝ እትሞችም በዩኒኮድ ይጽፋሉ፤ ችግሩ ድሮ በተጻፈው ወይም አሁንም በድሮው ፎንት በሚጻፈው ላይ ነው።

ስለዚህ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ የአማርኛ ፎንቶቻችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። የፓወር ግዕዙን መጫኛ ፋይልም አብራችሁ ያዙ። አዲሱ ላይ ፎንቱን ራይት ክሊክ አድርጎ «ኢንስቶል» ማለት ብቻ ነው፤ የጠፋው ጽሑፍ ተመልሶ ይነበባል። ሌላ ነገር አይነካም።

ጽሑፉ እየተነበበ ገጹ ብቻ ከተዛባ፣ 40 ገጽ የነበረው 46 ከሆነ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ኒያላ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ፎንት ነው፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ ተጨማሪ ወጥቶ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ኒያላን ሲያጣ በኤብሪማ ይተካዋል፤ የሁለቱ ስፋት አይመሳሰልም። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብቶ «ኢትዮፒክ» ብሎ መፈለግና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ማውረድ ነው። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ግን ትንሽ ነው።

ከሁሉም የሚቀለውን ግን ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጮክ ብለን እንንገራችሁ፦ ወደ ማተሚያ ወርድ ይዛችሁ አትሂዱ። ቤታችሁ ላይ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ሂዱ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የጽሑፍ ቤቱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ይሁን 11 አያገባችሁም።

ለመጻፍ ደግሞ ፓወር ግዕዝ ግድ አይደለም። ሴቲንግ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ላንጉጅ ኤንድ ሪጅን ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ባርን አንድ ላይ ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። የፊደሎቹ አቀማመጥ እጃችሁን ካልያዘው ኪማን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በላቲን ድምፁ እየጻፋችሁ አማርኛ ያወጣላችኋል። ሁለቱን አንድ ላይ ከፍታችሁ ግን አትጻፉ፣ ይጣላሉ። ዊንዶውሱን ራሱን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። ሞክረነው ነበር፣ ደስ ይላል፤ ችግሩ እርዳታ ስትፈልጉ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚልም አታገኙትም። ተመለስን።

መልኩን ትለምዱታላችሁ፣ ስለሱ ብዙ አንልም። ስታርት መሐል መሆኑ ካናደዳችሁ ታስክባሩን ራይት ክሊክ፣ ታስክባር ሴቲንግስ፣ ከዚያ አላይመንቱን «ሌፍት» አድርጉት። ራይት ክሊክ ስታደርጉ የምትፈልጉት ነገር ከጠፋ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ስር ተደብቋል፤ ሺፍት ይዛችሁ ራይት ክሊክ ካደረጋችሁ የድሮው ዝርዝር በቀጥታ ይመጣል። ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ ሞክሩ፤ ኮፒ ያደረጋችኋቸውን የቅርብ ነገሮች ያሳያል፣ አንዴ ከለመዳችሁት አትተውትም።

እዚህ ቆም በሉ፣ ዋናው የሚያስፈራው ይህ ነው።

ዊንዶውስ 11 መጀመሪያ ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ባለሙያው ሲቸኩል በራሱ ኢሜይል ያስገባዋል። ምንም አይመስልም። ግን ከ24ኤች2 ወዲህ በአካውንት አዲስ የተጫነ ማሽን ብዙ ጊዜ ዲስኩን ራሱ ይቆልፈዋል፤ ኢንክሪፕሽን ይሉታል። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ነው፣ የሚቀመጠውም በገባበት አካውንት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ባዮስ ተነካካ ወይም ቦርዱ ተቀየረ እንበል፤ ሰማያዊ ገጽ ይወጣና ቁልፉን ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ያለው ስልክ ቁጥሩን እንኳ በማታውቁት ባለሙያ ኢሜይል ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍትም አያወጣላችሁም። የአራት ዓመት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ሲጫን አጠገቡ ተቀመጡ፣ የራሳችሁን ኢሜይል ስጡ። ቀድሞ በሌላ ሰው አካውንት ከተጫነ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ገብታችሁ በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ተፈትቶ እስኪያልቅ ቻርጀሩን አትንቀሉ። ወይም ቁልፉን ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ማስቀመጥም ያስኬዳል፣ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ዋንድራይቭ ነው። ሲጫን «ፋይሎችህን ባክአፕ ላድርግ?» ይላል፣ ሰው «ነክስት» እያለ ያልፈዋል። ከዚያ ዴስክቶፕና ዶክዩመንት ወደ ኢንተርኔት መጫን ይጀምራሉ። ነፃው ቦታ 5 ጊጋ ብቻ ነው፣ ዳታችሁን ግን ይበላዋል። የባሰው ደግሞ ፋይሉ ጎን የደመና ምልክት ካለ ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ የለም ማለት ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አይከፈትም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ዳታ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቋረጠ ለእናንተ አንነግራችሁም። ዋንድራይቭ ሴቲንግ ገብታችሁ ባክአፑን አቁሙት፤ ወይም አስፈላጊውን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉት።

የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁም «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ፣ በተለይ በስልካችሁ ሆትስፖት የምትጠቀሙ። አለበለዚያ አፕዴቱ ሌሊት ፓኬጁን ይጨርሰዋል። መጫኛውን ራሱ ከኢንተርኔት ለማውረድ ከ5 ጊጋ በላይ ይሄዳል፤ ካወረደ ጓደኛ በፍላሽ መቀበል ይሻላል፣ ፍላሹን ብቻ ስካን አድርጉ። «ክራክ» የተባለ ማግበሪያ አብሮ ከመጣ ግን ተዉት። ዲፌንደርን አጥፋ የሚል ፕሮግራም ለምን እንዲጠፋ እንደፈለገ አስቡት። ትክክለኛ ላይሰንስ ያለው ዊንዶውስ 10 ካላችሁ ወደ 11 ማደጉ ለማንኛውም ነፃ ነው።

ፎርማት ሳታደርጉ በላዩ ላይ ካሳደጋችሁት ፋይሉም ፕሮግራሙም ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል። ካልተመቻችሁ ደግሞ 10 ቀን አላችሁ፦ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ «ጎ ባክ»። ከ10 ቀን በኋላ ቁልፉ ይጠፋል። እነዚህን ቀናት «ዲስክ ሞላ» ብላችሁ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚለውን ፎልደር እንዳታጠፉት፤ መመለሻው እሱ ነው።