መኪና የማይገባበት መንገድ

በፈረንሳይ አገር፥ ቡርጎኝ በሚባለው ክፍል፥ ከዢቭሪ ተነሥቶ እስከ ክሉኒ የሚደርስ 44 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ቀድሞ ባቡር ይመላለስበት ነበር። ባቡሩ ከቀረ በኋላ ሐዲዱ ተነሣ፤ ሥፍራው ተስተካክሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ለእግረኛና ለቢስክሌት ነጂ ተከፈተ። ፈረንሳዮች ይህን የመሰለውን መንገድ «አረንጓዴ መንገድ» ይሉታል፤ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ እንዳይገባበት ተከልክሏል።

ባቡር ብርቱ ዳገት መውጣት ስለማይችል፥ መሐንዲሶቹ መንገዱን ሲቀይሱ ዳገቱንና ቍልቍለቱን አለዝበውታል። ስለዚህ ዛሬ ጕልበቱ የደከመ ሽማግሌ፥ ቢስክሌት ገና የሚለማመድ ሕፃንም ሳይጨነቅ ይሄድበታል። እናትም መኪና መጣ አልመጣ እያለች ዘወትር ወደ ኋላዋ መመልከት አያስፈልጋትም። ግራና ቀኙ የወይን ተክልና የከብት መስክ ነው። በመጨረሻም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ910 ዓ.ም. የተመሠረተው የክሉኒ ገዳም ይገኛል፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ አብዛኛው ቢፈርስም፥ የቀረው ዛሬም ይታያል።

ለብርቱ ብቻ የታሰበ መንገድ ደካማውን ከቤት ያስቀረዋል፤ ለደካማው የታሰበ መንገድ ግን ብርቱውንም አይከለክልም። ቤተ ሰብ ሁሉ አንድ ላይ የሚጓዘው በእንዲህ ያለው መንገድ ነው።